ሰባተኛው መጋዘን ይሰማል?

በሥራ ሰዓት ተኝቶ ተገኘ ተብዬ ከዘበኝነት ተነሣሁ። አልተኛሁም ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ይህችን አንዲት ቃል ሰው እንዲቀበለኝ የለፋሁት ልፋት ነው።

ዘበኝነት ደግሞ ምኑ ይናፍቃል የሚል ይኖራል። ተሸካሚ ሆኖ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እኔ ከወሎ መጥቼ የኖርኩት በጀርባዬ ነው። ስንዴ ተሸክሜአለሁ፣ ብረት ተሸክሜአለሁ፣ የሙሽራ አልጋ ተሸክሜአለሁ። ጢሜ መሸበት ሲጀምር አንድ የመንግሥት ድርጅት ዘበኛ አድርጎ ቀጠረኝ፤ ካፖርትና ባርኔጣ ሰጠኝ። ያን ጊዜ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ‹‹ልለፍ?›› ብሎ የጠየቀኝ። ጀርባዬ ሳይሆን ዓይኔ ተፈለገ። ይህን የቀመሰ ሰው ተመልሶ ከጆንያ ሥር ሲገባ ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ።

ድርጅቱ ዕቃ ከውጭ እያስመጣ የሚያከማች ነበር። ግቢው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ፣ ወደ ጉርድ ሾላ በሚያወጣው በኩል ነው፤ ያኔ ከአጥሩ ወዲያ የጤፍ ማሳና ባሕር ዛፍ እንጂ ሌላ አልነበረም። ሰፊ ነው ስል ሰፊ ነው። በዋናው በር የገባ ሰው መጨረሻው መጋዘን እስኪደርስ የጀመረውን ወሬ ጨርሶ ሌላ ይጀምራል። መጨረሻው መጋዘን ሰባተኛው ነው፤ ከጀርባው የጎርፍ ቦይ ያልፋል። የኔ ጥበቃ እዚያ ነበር።

ለዚህ ስፋት ሲባል ገመድ አልባ ስልክ መጣ። በትከሻ የሚንጠለጠል ጥቁር ነገር ነው። እኛ ‹‹ጡብ›› አልነው፤ መልኩም ክብደቱም ጡብ ነበር። አንቴናው በውሃው ማማ ላይ ተተከለ። ከማማው ሥር ባለችው ክፍል ስልከኛዋ ተቀመጠች፤ ኪሮሿን እየሠራች ጥሪ ትቀበላለች፣ ከተፈላጊው ጋር ታገናኛለች። ጡቡ ለየመጋዘኑ ዘበኛ፣ ለየክፍሉ ኃላፊ፣ ለጋራዡና ለበሩ ታደለ። አሠራሩን በአዳራሽ ቁጭ ብለው የተማሩት ኃላፊዎቹ ናቸው። ለኛ ለዘበኞቹ ግን ‹‹ይህችን ቁልፍ ተጫን፤ ስልከኛዋ ትመጣለች›› ተባልን፣ በቃ። እኔማ ተጭኜውም አላውቅ። ዘበኛ የሚደውለው ነገር ሲመጣ ነው፤ ነገር ደግሞ አይመጣም ነበር።

መጣ። መስከረም ሦስት ቀን፣ አዲስ ዓመቱና የአብዮቱ በዓል ተከታትለው አልፈው ሰው ሥራ በገባበት ጠዋት። ክረምቱ አልወጣም ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሯል። ቦዩ ሞላና ወደ ሰባተኛው መጋዘን በር ዞረ። ውስጥ የተደረደረው ሲሚንቶ ነው። ጡቤን አንሥቼ ቁልፏን ተጫንኩ። ስልከኛዋ የለችም። ደግሜ ተጫንኩ። የለችም። ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ጢጥ ጢጥ ይላል እንጂ የሰው ድምፅ የለም። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አለፈ። በመጨረሻ ጡቡን እንዳንጠለጠልኩ ሮጥኩ። ጭቃው አንድ እግር ጫማዬን አስቀረው። ሰው ይዤ ስመለስ ሲሚንቶው ጠጥቶ ጠግቧል።

ሲሚንቶ እንደ ስንዴ አይሰጣ ነገር። ከረጢቱን እንደለበሰ ባለበት ድንጋይ ሆነ። አውጥቶ መጣሉም አቃተ፤ በሩ አጠገብ እንደተከመረ ቀረ። ሠራተኛው ‹‹ሐውልቱ›› አለው። ሐውልት በየአደባባዩ የሚቆምበት ዘመን ነበር፤ ለኔም አንድ ደረሰኝ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ሊቀመንበሩ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሲቆጣ እንኳ ድምፁ አይወጣም፤ ስለዚህ የበለጠ ይፈራል።

‹‹ለምን አልደወልክም?››

‹‹ደውያለሁ ጓድ። እዚያ አይሰማም።››

ካርታ ዘረጉ። ስልኩ ሲተከል የተሠራ ነው፤ የሚሰማበት በአረንጓዴ እርሳስ፣ የማይሰማበት በቀይ ተቀልሟል። ሰባተኛው መጋዘን ለምለም አረንጓዴ ነው። ስልከኛዋን ጠሯት።

‹‹ያን ቀን ከሰባተኛ መጋዘን ጥሪ ገብቷል?››

‹‹አልገባም ጓድ።››

‹‹እርግጠኛ ነሽ?››

‹‹በመድኃኔ…›› ብላ ጀመረችና ያለችበት ቦታ ትዝ ሲላት ዋጠችው። ‹‹እርግጠኛ ነኝ ጓድ።››

‹‹እንግዲህ ስልኩ ይሰማል፣ ጥሪው ግን አልገባም›› አለ ሊቀመንበሩ። ‹‹ምን ቀረ?››

‹‹ሰውዬው ነዋ!›› አለ ከጎኑ የተቀመጠው። ሳቁ።

ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ፣ ወሎ ሰፈር ቀበሌ አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሱቅ ስም አነባለሁ፣ የአውቶቡስ ቁጥር አነባለሁ፤ ሙሉ ወረቀት ግን አንብቤ አላውቅም። ማንም ሳይረዳኝ ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት የመጀመሪያው ወረቀት የቅጣት ደብዳቤዬ ነው። ‹‹በመተኛቱ ምክንያት›› የምትለዋ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። መልሼ አነበብኳት። ትክክል ነው የማነበው። ለዚህ ነው ለካ ያስተማሩኝ አልኩ።

ጡቡን፣ ካፖርቱንና ባርኔጣውን አስረክቤ ወደ ጭነት ክፍል ተመለስኩ። ጀርባዬ ረስቶት ነበር። ጓደኞቼ አልረሱም፤ ጆንያ ባስቀመጥኩ ቁጥር ‹‹ቀስ! ሰውዬው እንዳይነቃ!›› ይሉኛል። አንዱ ደግሞ በሰባተኛው በኩል ባለፍን ቁጥር ለሲሚንቶው ክምር ባርኔጣውን ያነሣል። እኔም ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ለሰማም ላልሰማም ‹‹እዚያ ስልክ አይሰማም፣ ካርታው ውሸት ነው›› እላለሁ። ለጭነቱ አለቃ ለካቦው ተናገርኩ፣ ለሠራተኛ ማኅበሩ ተናገርኩ፣ ቤት ላከራየችኝ ሴትዮ ሳይቀር ተናገርኩ። በኋላ ሰው ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ጀመር። የምፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺ ቃል ከፋይሌ እንድትወጣና ሰባተኛው መጋዘን በር ላይ ተመልሼ እንድቆም። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለግሁም፤ ይህንንም የሚሰጠኝ አልነበረም።

በተከታዩ ዓመት በጋ ላይ መሐንዲሷ መጣች። ድርጅቱ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን መሬት ይዞ አዳዲስ መጋዘኖች ሊሠራ ነው፤ ስልኩም አብሮ ሊሰፋ። ድምፁ እስከ የት እንደሚደርስና ስንት መስመር እንደሚበቃ የምታጠናው እሷ ናት። ከውጭ ተምራ የመጣች፣ ቀጭን፣ ሱሪ የምትለብስ ልጅ ናት። የሚራመድላት ሰው ካቦውን ጠየቀችው። ካቦው ዞር ብሎ ወደኔ ጠቆመ።

‹‹እንቅልፋሙን ውሰጂው። ሲራመድ እንኳ አይተኛም።››

ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

‹‹ጋሼ፣ መጻፍ ይችላሉ?›› አለችኝ እየሄድን።

‹‹ለራሴ የሚበቃኝን ያህል።››

ጠመኔና ጡብ ሰጠችኝ። ሥራው እንዲህ ነው። እሷ ከማማው ሥር ከስልከኛዋ ጋር ትቀመጣለች። እኔ በግቢው እየዞርኩ ትንሽ ሄድ ብዬ እቆማለሁ፣ እደውላለሁ፣ ትናገራለች፤ እንደሰማሁት መጠን ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር እነግራታለሁ። ምንም ካልሰማሁ አንድ፣ አጠገቤ እንዳለች ከሆነ አምስት። ቁጥሩን ደግሞ ያለሁበት ግድግዳ ላይ በጠመኔ እጽፈዋለሁ።

‹‹አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት›› አለች። ‹‹ደህና ነው አይበሉኝ።››

‹‹ለምን ደህና እልሻለሁ?››

‹‹ያን ካርታ የሠሩት እንዴት እንደሆነ ጠይቄ ነበር። ኃላፊው ከማዕከል ሆኖ ‹ይሰማል?› ይላል፤ እዚያ ያለው ዘበኛ ‹ይሰማል ጌታዬ› ይላል። ለአለቃው አይሰማም የሚል ዘበኛ አለ?››

‹‹እኔ አለሁ።››

‹‹እንግዲያው ተገናኘና!››

በዚህ አነጋገሯ ልቤ ተነሣ። ካርታው ውሸት ነው ስል የከረምኩት ሰውዬ ነኝ፤ አሁን የተማረ ሰው አፍ ሲለው ሰማሁ። ያን ሳምንት እንደ ጎረምሳ ተራመድኩ። ኮንቴነሮቹ ከተደራረቡበት ጀርባ ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ ‹‹ሁለት!›› ብዬ ጮህኩ፣ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ብረት ማከማቻው ውስጥ ጭራሽ ጠፋች፤ አንድ። ወደ ግራ ፈቀቅ በሉ አለችኝ፣ አልኩ፣ ድምፅዋ መጣ። ወደ ቀኝ ስመለስ ሄደ። ‹‹ቆርቆሮና ብረት ድምፁን ይመልሰዋል ጋሼ፤ ጎርፍ ቋጥኝ ሲመታ እንደሚያደርገው ነው›› አለችኝ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያርፍ ሁለታችንም ዝም እንልና ካለፈ በኋላ እንቀጥላለን። ማታ ማታ ካርታው ላይ አረንጓዴው እየተፋቀ ቀይ ሲሆን አያለሁ። ደስታዬን አልደብቅም። ቀይ ባየሁ ቁጥር ያ ሳቃቸው ይፋቅልኝ ነበር።

ሰባተኛውን መጋዘን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት፤ ሥጋውን ለመጨረሻ እንደሚያቆይ ልጅ።

ደረስኩ። ከሲሚንቶው ክምር አጠገብ፣ ያን ቀን የቆምኩበት ላይ ቆምኩ። ቁልፏን ተጫንኩ።

‹‹ጋሼ? ሰባተኛ ደረሱ? ስንት ነው?››

ድምፅዋ ጥርት ብሎ መጣ። ትንፋሿ ይሰማል። ከኋላዋ የስልከኛዋ ሬዲዮ ሲዘፍን ይሰማል።

‹‹ጋሼ? ይሰማዎታል?››

አንድ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ማን ያየኛል? ሦስት ፊደል ብቻ የሆነች ቃል ናት፤ ብላት ካርታው ይቀላል፣ እኔ ነጻ እወጣለሁ። ግን ደህና ነው አይበሉኝ ያለችኝን ልጅ፣ እየሰማሁ አይሰማም ብላትም ያው ነው፤ ውሸቱ አንድ ነው። ደግሞስ እውነት ይዤ በውሸት ልወጣ ነው?

‹‹አምስት›› አልኳት።

በሩ ላይም ጻፍኩት። ወደ ውስጥ ገባሁ፤ አምስት። ወደ ቦዩ ዞርኩ፤ አምስት። ከዚያ ሐውልቴ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን፣ ከዚያ ሁሉ ክርክር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተኝቼ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሰው ደጋግሞ እንቅልፋም ሲልህ እንዲህ ያደርግሃል።

ስዘገይባት መሐንዲሷ ራሷ በእግሯ መጣች። በሩ ላይ ያለውን ቁጥር አየች፣ እኔን አየች።

‹‹ካቦው ነግሮኛል›› አለች። ‹‹እዚህ ነው?››

‹‹እዚህ ነው።››

‹‹እኔም ቀይ ይሆናል ብዬ ነበር።››

‹‹ያን ቀን ይዘንብ ነበር። ዝናብ ይከለክለው ይሆን?››

አሰበች። ልታጽናናኝ ፈልጋ ነበር፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ‹‹ይህን ስልክ ዝናብ አይከለክለውም ጋሼ። አልዋሽዎትም።››

አልዋሸችኝም። እኔም አልዋሸኋት። ‹‹ገና መስመሩን አላጠናሁም›› አለች ቆይታ፤ ስለምን እንደምታወራ አልገባኝም፤ እሷም አላብራራችልኝም።

ከዚያ ፋሲካ ሆነ። ማግሥቱ ሰኞ ሥራ ገባን። ከአጥሩ ወዲያ ያለውን መሬት ልንጀምር ነው፤ መሐንዲሷ ከማማው ክፍል እንድትመራኝ፣ እኔ መጀመሪያ ከሰባተኛው መጋዘን በር እንድደውልላት ተባባልን። ሄድኩ። ቆምኩ። ቁልፏን ተጫንኩ።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

ጡቡን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። መልሼ አስጠጋሁት። ጢጥ፣ ጢጥ። ያን ቀን የሰማሁት ይኸው ነው! ያኔ ውሃ ገብቶበት የሚንሰቀሰቅ መስሎኝ ነበር። ለኮሚቴው ‹‹አይሰማም›› ብቻ ነው ያልኩት። ምን ሰማህ ያለኝ የለም፤ እኔም ጩኸቱ ነገር መሆኑን አላወቅሁም።

ደግሜ ተጫንኩ፤ ጢጥ። ልነግራት የምፈልገው ይህን ነው፤ ልነግራት የማልችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልክ እንደዚያን ቀን ጡቡን አንጠልጥዬ ሮጥኩ። ልዩነቱ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ሁለቱም ጫማዬ እግሬ ላይ ነው።

የማማው ክፍል ስደርስ መናገር አቅቶኝ በሩን ይዤ ቆምኩ። ስልከኛዋ ፊት ያሉት ሁለት መብራቶች ሁለቱም በርተዋል። መሐንዲሷ ክንዷን አጣምራ ትሰማለች። ከማጉያው የጋራዡ ኃላፊና የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ድምፅ ይመጣል።

‹‹እንኳን አብሮ አደረሰን!››

‹‹እንኳን አብሮ አደረሰን! እንዴት ተፈሰከ?››

‹‹ተመስገን። ባለቤትህስ ደህና ናት?››

‹‹ደህና ናት። ልጆችስ?››

‹‹ደህና። ያ ሲያመው የነበረው ትልቁ ልጅህ?››

‹‹ኧረ ድኗል!››

‹‹እሰይ፣ እሰይ። አማትህስ?››

‹‹አማቴማ ምን ይሆናሉ፤ በጉን ብቻቸውን ጨረሱት።››

‹‹በል እንግዲህ…››

‹‹እሺ በል…››

‹‹ሰላም በልልኝ።››

‹‹አንተም ሰላም በልልኝ። ለመሆኑ እኅትህስ?››

መሐንዲሷ ግንባሯን ያዘች። ‹‹ከገባን ጀምሮ ነው›› አለችኝ። ‹‹በሁለቱም መስመር። ጋሼ ምነው፣ ምን ሆኑ?››

‹‹ይሄ ነው›› አልኳት። ‹‹ጢጥ ጢጥ። ያን ቀን የሰማሁት ይሄ ነው።››

ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። መስመሩ ሁለት ነው፤ በአንድ ጊዜ ማውራት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ከሁለት ሰዎች ጋር ነው። ሁለቱም ከተያዙ ሦስተኛው ጢጥ ጢጥ ይሰማል፤ ጥሪው ስልከኛዋ ጋ አይደርስም፣ መብራትም አያበራም። ድምፅ አለመድረስና መስመር መያዝ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እኔ ድምፁ አልደረሰም ስል ኖሬአለሁ፤ ተሳስቻለሁ። ድምፁማ ደርሷል፤ መግቢያ ነው ያጣው።

‹‹የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ያሰሉት ሰው ሥራውን ተናግሮ የሚዘጋ መስሏቸው ነው›› አለች። ‹‹እኔም እንደዚያው አስልቼ ነበር። የተማርኩበት አገር ሰው ‹ሰባተኛ፣ ሰው ላኩ› ይልና ይዘጋል።››

ልክ ናት፤ በኛ አገር ግን ሰላምታን ማን ይዘጋዋል? ታናሽ ቀድሞ ቢዘጋ ነውር ነው። ታላቅ ቀድሞ ቢዘጋ ኩራት ነው። እኩያሞች ከሆኑ ደግሞ እስኪደክማቸው ነው።

ስልከኛዋ ኪሮሿን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ከኮሚቴው ቀን ወዲህ ሰላም ብያት አላውቅም ነበር።

‹‹መስከረም ሦስትማ ከዚህ ይብስ ነበር›› አለች። ‹‹አዲስ ዓመት አለ፣ አብዮት አለ፤ ያልደወለ ማን ነበር?›› ከዚያ ወደኔ ዞረች። ‹‹ጥሪ አልገባም ብዬ መሰከርኩብህ። እውነቴን ነው፣ አልገባም። ለካ ደጅ ቆመህ ኖሯል።››

ይህን ይቅርታ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ከዚያ የተሻለ ይቅርታ ከማንም አልደረሰኝም።

አሁን ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። መሐንዲሷ ያን ጠዋት መስመሩን የያዘው ማን እንደነበር ስትጠይቃት ስልከኛዋ በሩን ዘግታ በሹክሹክታ ነገረችን። አንዱን መስመር ከጠዋቱ ጀምሮ የያዘው ራሱ የኮሚቴው ሊቀመንበር ነው፤ እያንዳንዱን ክፍል በተራ እየጠራ እንኳን አደረሳችሁ ሲል። ‹‹ኮሚቴ ፊት ግን አልናገርም›› አለች። ‹‹ልጆች አሉኝ።›› እኔም አልለመንኳትም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሰው ለማንም አይለምንም።

‹‹ማን እንደያዘው መናገር አያስፈልግም›› አለች መሐንዲሷ። ‹‹ይሰሙታል።››

አዲስ መስመር ለማስመጣት ሊቀመንበሩ ያለበት የሥራ አመራር መስማማት ነበረበት። ስለዚህ ማብራሪያ ልስጣችሁ ብላ ጠራቻቸው። የወዛደሩ ቀን በተከበረ ሰሞን፣ ሰኞ ጠዋት። ስብሰባው በአዳራሽ ሳይሆን ሰባተኛው መጋዘን በር ላይ እንዲሆን አደረገች። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ከጎን ቆሜአለሁ። በሩ ላይ አምስት ቁጥር እስካሁን አለ። ጡቡን ለሊቀመንበሩ ሰጠችው።

‹‹ጓድ፣ ቦዩ ሞልቷል እንበል። ሰው ይጥሩ።››

ፈገግ ብሎ ተጫነ። ፈገግታው ቆመ። ደግሞ ተጫነ።

‹‹ተበላሽቷል።››

‹‹አልተበላሸም ጓድ። መስመሩ ተይዟል።››

‹‹ማነው የያዘው?››

‹‹ከዚህ ሆነን ማወቅ አንችልም። መደወል አይቻልማ።››

ጠበቅን። ደጋግሞ ተጫነ። ከመጡት አንዱ ሰዓቱን ማየት ጀመረ፣ ሌላው ሐውልቴ ላይ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ በመጨረሻ ጡቡን አስታቅፎኝ በእግሩ ወደ ማማው ተነሣ፤ ሁላችንም ተከተልን። መንገዱ ረጅም ነው ብያለሁ። ስንደርስ አንገቱ አልቦታል። ስልከኛዋ ብድግ አለች፤ ሁለቱም መብራቶች በርተዋል። ከማጉያው የሊቀመንበሩ ምክትል ድምፅ ይመጣል፤ የበሩን ተረኛ ሰላም ይላል።

‹‹…ሰልፉስ እንዴት ነበር? እግርህስ?››

‹‹ደህና ነው ጌታዬ። ሊቀመንበሩ ደህና ናቸው?››

‹‹አሉ። ዛሬ ያንን እንቅልፋም ይዘው ሰባተኛ ወርደዋል፤ አንተ ደግሞ ምን…››

ስልከኛዋ እጇ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ሊቀመንበሩ በእጁ ከለከላት። ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ልሳቅ ደርሼ ነበር፤ ጥርሴን ነከስኩ። ሰላምታው እስኪያልቅ ቆመን ሰማነው። ምክትሉ የተረኛውን ልጅ ክርስትና ሳይቀር ጠየቀ።

ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ። ‹‹ያን ቀን እንዲህ ነው ያለህ?››

‹‹እንዲህ ነው።››

‹‹ታዲያ ለምን አልተናገርክም?››

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተውኩለትም። ‹‹ምን ሰማህ ያለኝ የለም ጓድ›› አልኩት።

መስከረም ሦስት የት እንደነበር ትዝ ብሎት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ፊቱ ላይ የሚነበብ ሰው አልነበረም። ብቻ ከዚያ ቀን በኋላ ስልክ ሲያነሣ አጭር ሆነ።

መጀመሪያ ያደረጉት ማስታወቂያ መለጠፍ ነው፤ በስልክ ሰላምታ መስጠት ክልክል ነው አሉ። ማንም አልሰማቸውም። የሞከሩትም ተጣሉ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ለጋራዡ ደውሎ ‹‹ጎማ ላክ›› ብሎ ቢዘጋበት፣ ምን አደረግኩት ብሎ የጋራዡ ሰው ሽማግሌ ሊልክበት ነበር። መሐንዲሷ ማስታወቂያውን ራሷ ቀድዳ ጣለችው። ‹‹ሰውን ከማስተካክል መስመር ብጨምር ይቀለኛል›› አለችኝ። አዲሱን ጥናቷን በዚሁ ሠራችው፤ የሰላምታውን ርዝመት አብራ አስልታ፣ የበዓል ማግሥትን ሳትረሳ። እስከዚያው ድረስ ካሉት ከሁለቱ መስመሮች አንዱን ለዘበኞች ብቻ ለየችው። ኃላፊዎቹ በቀረችው አንዲት መስመር ሰላም ለመባባል ወረፋ ሲጠብቁ ሳይ ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅም።

የኔን ጉዳይ ኮሚቴው ለብቻው ተሰብስቦ አየው። አልጠሩኝም። ደብዳቤው በካቦው እጅ መጣልኝ፤ ካቦው ‹‹እንኳን ደስ ያለህ›› ለማለት አፉን ከፍቶ ‹‹እስቲ አንብበው›› ብሎ ተወው። ጆንያዬን አውርጄ ቆሜ አነበብኩት። ይቅርታ የምትል ቃል የለችበትም፤ ፈልጌአለሁ። ‹‹የስልክ መስመር መያዙ ስለተረጋገጠ›› ይላል፤ ‹‹ቀደም ሲል የተሰጠው ውሳኔ ተሽሯል›› ይላል፤ ‹‹ወደ ቀድሞ ሥራው እንዲመለስ›› ይላል። ጣቴ በየቃሉ ሄደ፣ የትም አልቆመም።

ካፖርቱ ሌላ ሰው ለብሶት ኖሮ ክርኑ ተቀዷል። ባርኔጣው ያው ነው። ሰባተኛው መጋዘን በር ላይ ቆምኩ። የሲሚንቶው ክምር ቦታው ላይ ነው፤ እንዲያነሡት አልጠየቅሁም፣ ለዘበኛ መቀመጫ ይሆናል። በሩ ላይ የጻፍኩትን አምስት ዝናብ አልነካውም። ጥቂት እንደቆየሁ ጡቡ ጮኸ። ስልከኛዋ ናት፤ በዘበኞቹ መስመር ሳይሆን በዚያች በተጨናነቀችው በሌላኛዋ፣ ኃላፊዎቹን ሁሉ ወረፋ አስይዛ።

‹‹ሰባተኛ መጋዘን፣ እንዴት አደርክ?›› አለችኝ። ‹‹ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው? ይሰማል?››

‹‹ይሰማል›› አልኳት። ‹‹አንቺስ ደህና ነሽ? ልጆችሽስ? ኪሮሹስ አለቀ?››

ማናችንም ቀድመን አልዘጋንም። ዓርብ፣ ግንቦት 21 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር።